«ለማን ነው የሚሰጡት?»

ስልክ ጥገና ቤት የሠራ ሰው የወረቀት ፕላስተሩን ያውቀዋል። ስልክ ሲገባ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። የደንበኛው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የብልሽቱ ዓይነት፣ የተስማማንበት ዋጋ ይጻፍበታል። ከሥሩ ደግሞ ዘጠኝ ነጥብ ተደርድሮ ፓተርኑ በመስመር ይሣላል። ፒን ከሆነም ቁጥሩ ይጻፋል። ማታ መደርደሪያውን ላየው፣ የስንቱ ሰው ቤት ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ያደረ ይመስላል።

ይህን ልማድ አልወደውም። አብዛኛው ሥራ ፓተርን አይጠይቅም። ስክሪን ቀይረህ ታቹን ለመፈተሽ የአስቸኳይ ጥሪው ላይ ገብተህ ቁጥሮቹን መነካካት ይበቃል። ካሜራውም ሳይከፈት ይሠራል። የቻርጅ መሰኪያ ለመቀየርማ ጨርሶ አያስፈልግም። የቀረውን ደንበኛው ሲመጣ እዚያው ቆሞ ራሱ ከፍቶ ይሞክረዋል። ያን ጊዜ የምሠራበት ቤት ባለቤት ግን ፓተርን ያልተጻፈበት ስልክ አንቀበልም የሚል ሰው ነበር። «ደንበኛ አላመላልስም» ይል ነበር።

ሰዉ ደግሞ ስልኬ ተቆልፏል ብሎ ይተማመናል። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከመጣው አንድሮይድ 10 ጋር ወይም ከእሱ በኋላ የወጡ ስልኮች ውስጣቸው ያለው የባለቤቱ መረጃ የተመሰጠረ ነው። የሜሞሪ ቺፑን ነቅለን ብናወጣው እንኳ አንዲት ፎቶ ማንበብ አንችልም። ይህን የመሰለ መቆለፊያ ተሠርቶ ሳለ፣ መክፈቻውን እኛ በእስክሪብቶ ጽፈን ጀርባው ላይ እንለጥፋለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ መጣች። በቅርቡ ስክሪን አስቀይራ የሄደች ናት። ስክሪኑ ከመርካቶ እስኪመጣ ስልኳ እኛ ጋ አድሮ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ናት። የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ይሄን አንብበው። ለማን እንደማሳየው ጨንቆኝ ነው» አለችኝ።

ቴሌግራም ነው። ስምም ፎቶም የሌለው አካውንት። መጀመሪያ የላከላት የሕክምና ወረቀት ፎቶ ነው። ምን እንደሚል እዚህ አልጽፍም። ነውር የለበትም። ማንም ሰው እንዳይጠፋበት ብሎ አንስቶ ስልኩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ዓይነት ወረቀት ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«40 ሺህ። እስከ ነገ 11 ሰዓት። ካልሆነ መሥሪያ ቤታችሁ ግሩፕ ላይ ይገባል።»

«ማነህ አንተ? ይህን ያህል ብር ከየት አባቴ ላምጣ?» ብላዋለች።

«ዕቁቡ ወጥቶልሽ የለ እንዴ?»

እዚህ ላይ ስደርስ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ። ወረቀቱን አንድ ሰው በአጋጣሚ አይቶት ይሆናል ልትል ትችላለህ። ዕቁቡን የሚያውቅ ሰው ግን ቁጭ ብሎ መልእክቷን አንድ በአንድ አንብቧል። ጊዜ ነበረው። ማንም አላቋረጠውም።

ከዚያ ፎቶውን አሰፋሁት። ስክሪን ሾት አይደለም። በሌላ ስልክ፣ ከላይ ሆኖ የተነሣ ነው። ይህ ያወቀ ሰው ሥራ ነው። ስክሪን ሾት ቢያነሳ እሷው ጋለሪ ውስጥ ይቀራል፤ ከእሷ ስልክ ወደ ራሱ ቢልከውም ዱካ ይተዋል። ብቻ ሲያነሳ ጠርዙን አላየውም። በግራ በኩል ከስልኩ ሥር ሰማያዊ ጎማ ይታያል። እኛ ጠረጴዛ ላይ የምናነጥፈው፣ ብሎን የምንደረድርበት ጎማ። ጎማው ላይ ደግሞ ግማሽ ቀለበት የመሰለ ቡናማ ጠባሳ አለ። ብሎወር፣ ቦርድ የምናሞቅበት የሞቀ አየር መንፊያ፣ ሳይጠፋ የተቀመጠበት።

ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ዞር ብዬ አየሁት። ከእኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባልደረባዬ ክንዱን አሳርፎበት ቦርድ ያሞቃል። ብሎወሩ ይጮኻል። አንገቱን እንኳ ቀና አላደረገም።

ያን ጊዜ እጄ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ።

«አይተሽ ዝም ነው? 11 ሰዓት ብያለሁ።»

የባልደረባዬ ሁለቱም እጆች ተይዘዋል። በአንዱ ብሎወር፣ በሌላው መቆንጠጫ። ለቅጽበትም ቢሆን ጠርጥሬው ነበርና ልቤ አረፈ። ግን ዕረፍቱ አልቆየም። ያ ጠረጴዛ ማታ ማታና እሑድ የሌላ ሰው ነው። የባለቤቱ የእህት ልጅ ይሠራበታል። የሚያድሩት ስልኮች በሙሉ በእሱ እጅ ያልፋሉ።

«ምንም አትመልሺለት። አንድም መልእክት እንዳታጠፊ» አልኳት። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ጭውውቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ገጹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በእኔ ስልክ አነሣሁላት። ብሩን አስገቢ ያላትን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጭምር። ሄጄም ጎማውን፣ ጠባሳውን አነሣሁት።

ከዚያ ባለቤቱን ወደ ጓዳ ጠራሁት። ፎቶውን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ጎማ መርካቶ ሞልቷል» አለኝ።

«ጎማው ሞልቷል ጋሼ። ጠባሳው ግን የእኛ ነው።»

«ቀስ ብለህ አውራ። የቤቱን ስም ልታጠፋ ነው እንዴ?»

«የእሷ ስም ነው እኮ ሊጠፋ ያለው።»

በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ አስታራቂ ሆኖ፣ «ስማኝ፣ ሴትዮዋን በሰላም ሸኛት። እንዳትጨነቅ በላት። ብሩን እኔ ከኪሴ እሰጠዋለሁ፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል» አለ።

«ለማን ነው የሚሰጡት?» አልኩት።

ዝም አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ውጪ ብሎወሩ ይሰማል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት ምንም አያውቅም፣ ደንግጦ ነው ስል ነበር። አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ገጠመው። «ማለቴ...» አለና ተወው። ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም።

ወጥቼ እውነቱን ነገርኳት። ከዚህ ቤት የወጣ ነው፣ ይኸው ጠባሳው፣ የሚሠራበትን ሰው ግን ፖሊስ ይጠይቀው አልኳት። አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ በእህቴ ባል ጠርጥሬ ከጠዋት ጀምሮ ሳኮርፈው ነው የዋልኩት» አለች። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብሩ ብቻ አይደለም የሚወሰደው። ዙሪያውን ያለውን ሰው ሁሉ ይነጥቀዋል። ይህን ያደረገ ሰው ይህን ቢያውቅም ባያውቅም እኔ አልምረውም።

አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መጀመሪያ ፈርታ ነበር፤ ወረቀቱን እነሱም ሊያዩት ነው። የተቀበለን መርማሪ ግን ጨዋ ሰው ነበር። ጉዳዩን እንጂ ወረቀቱን አልጠየቃትም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን ቁጥር 958/2008 አንስቶ አስረዳን። በኮምፒውተር አማካኝነት ጽሑፍ ወይም ምስል እያሰራጩ ሰውን በከባድ ጉዳት ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ስልክም በዚህ አዋጅ ኮምፒውተር ነው።

በማግሥቱ ሥራ ስገባ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጎማ ተነጥፏል። ገና መታጠፊያው ያልተስተካከለ። ባልደረባዬን አየሁት፣ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። የእህት ልጅ «ክፍለ ሀገር ሄደ» ተባለ። ያን ዕለት ማታ የእሷም ጭውውት ከስልኳ ላይ ጠፍቶ ነበር። ያነሣኋቸው ፎቶዎች ግን መርማሪው ጋ ደርሰዋል። 11 ሰዓቱም አለፈ። ግሩፑ ላይ ምንም አልገባም። እሷም አልከፈለችም።

እኔም እዚያ አልቆየሁም። አሁን ያለሁበት ቤት ፕላስተሩ ላይ ስምና ብልሽት ብቻ ነው የሚጻፈው። ሳምሰንግ ይዞ የመጣ ካለ፣ አዲሶቹ ላይ «ሜይንተናንስ ሞድ» የሚባለውን ከሴቲንግ ገብቶ ራሱ እንዲያበራው አሳየዋለሁ። ፎቶውም መልእክቱም ተሸሽጎ ስልኩ ባዶ ሆኖ ይከፈታል፤ እኛ የምንፈልገውን እንሞክራለን፣ እሱ ሲረከብ በራሱ መክፈቻ ይመልሰዋል። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ እያለ አያውቀውም።

የድሮው አለቃዬ «እንጀራዬን ሊዘጋ ነበር» እያለ እንደሚያወራብኝ እሰማለሁ። ያውራ። ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ፤ ፍርድ ቤት ከተጠራሁም ጓዳ ውስጥ ያለኝን ቃል በቃል እናገራለሁ።