ያለጊዜው የመጣ «ቁም»

ዛሬ ስለ ዩፒኤፍ1 ሳነብ ዋልኩ። በሴሎቻችን ውስጥ የመልእክተኛ አርኤንኤን (የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያን ከዲኤንኤ የሚያደርሰውን ቅጂ) ጥራት ከሚቆጣጠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ከ64ቱ ኮዶኖች (የመልእክቱ ባለሦስት ፊደል ቃላት) 3ቱ ራይቦሶምን፣ ማለትም መልእክቱን እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራውን የሴል ማሽን፣ «ቁም» ይሉታል። ከእነዚህ አንዱ ያለቦታው መሃል ላይ ከገባ የሚሠራው ፕሮቲን ጎዶሎ፣ አንዳንዴም ጎጂ ይሆናል።

ግን ያለቦታው መሆኑ በምን ይታወቃል? እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። አርኤንኤው ተቆራርጦ ሲገጣጠም በየመጋጠሚያው አጠገብ የፕሮቲን ምልክት ይቀራል፤ ራይቦሶሙ እያለፈ ይጠርገዋል። ከ«ቁም» ወዲያ፣ ከ50 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ያህል በላይ በራቀ መጋጠሚያ አጠገብ፣ ያልተጠረገ ምልክት ከተገኘ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ኤስኤምጂ1 የተባለ ፕሮቲን ዩፒኤፍ1 ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፋል፤ ሌላው ፕሮቲን ኤስኤምጂ6 መጥቶ መልእክቱን ይቆርጠዋል።

ጨካኝ አራሚ! አጭሩ ፕሮቲን ግማሽ ሥራ ሊሠራ ይችል በነበረባቸው አንዳንድ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች ሕመሙን የሚያከብደው ይኸው ጥንቃቄ ነው።