ዮሐንስ ዮሐንስ

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት።

ዛሬ ደግሞ ዋልዝ በሚባለው የዳንስ ሙዚቃ የታወቁትን የስትራውሶችን፣ የአባትና የልጅን፣ ጠብ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ሁለቱም ዮሐን ይባላሉ፣ ሁለቱም የቪየና ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ቫዮሊን ይዘው ኦርኬስትራ መርተዋል። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1804፣ ልጁ በ1825 ተወለዱ። በእኛ አጠራር ቢሆን ልጁ ዮሐንስ ዮሐንስ ነበር የሚባለው። ይህ የስም መደጋገም ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ ብቻ የሚከብድ ይመስላል፤ እኔ ግን የጠቡን ሥር የማየው እዚሁ ላይ ነው።

አባትየው ይሸጥ የነበረው ስሙን ነዋ። በዚያ ዘመን ስመ ጥር የሆነ የዳንስ ሙዚቀኛ ከአዳራሽ ባለቤቶች ጋር ይዋዋልና ኦርኬስትራውን ከፋፍሎ በአንድ ምሽት የተለያየ ቦታ ያሰማራል። ራሱ በሠረገላ ከአንዱ ወደ ሌላው ይከንፋል። ደርሶ ቫዮሊኑን ያነሳና ሁለት ሦስት ዜማ መርቶ፣ ጭብጨባውን ተቀብሎ ውልቅ ይላል። ሕዝቡ የሚከፍለው እሱን በዓይኑ ለማየት ነው። ታዲያ ሌላ «ዮሐን ስትራውስ» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አስቡት! በስሙ አጠገብ «አባት» ወይም «ልጅ» የሚል ቃል መጨመር ግድ ሆነ።

የአባትየው ፍላጎት ልጁ ባንክ ቤት እንዲገባ ነበር። ልጁ ግን ቫዮሊን በድብቅ ተማረ፣ ያውም ከአባቱ ኦርኬስትራ አባል ከፍራንትስ አሞን። አሞን መስታወት ፊት አቁሞ ያለማምደው ነበር ይባላል። ይህን የሰማ ሰው እንደ ጌጥ ያየው ይሆናል፤ ነገሩ ግን የሙያው ግማሽ ነው። ቆሞ እየተጫወተ የሚመራ ሰው ዱላ አይይዝም፤ ሙዚቀኞቹ መግቢያቸውን የሚያነቡት ከደጋኑና ከትከሻው ነው። ደጋኑ ከተንጋደደ ወይም ክርኑ ከዘገየ አጃቢዎቹ አንድ ላይ አይገቡም። አባትየው ሲደርስበት በጅራፍ ቀጣው ይላሉ። የእናትየው የአና ድጋፍ ባይኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

«አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይላል የእኛ ሰው። እዚህ ቤት ግን አባት ሳለ ማጌጥ አልተቻለም። አባትየው ቤቱን ጥሎ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀምሯል፤ በ1844 አና የፍቺ ክስ አቀረበች። ልጁ በዚያው ዓመት፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ አስገባ። ከ12 እስከ 15 ሙዚቀኞች ይዤ መጠጥና ምግብ ቤቶች ውስጥ እጫወታለሁ ነው የሚለው፤ ለፈቃድ የሚጠየቅ ልከኛ ቁጥር ነው። ፈቃዱ ቢገኝም የአዳራሽ ባለቤቶቹ አባቱን ማስቀየም ፈሩ። የደፈረው በሾንብሩን ቤተ መንግሥት አቅራቢያ፣ ሂትሲንግ የነበረው ዶማየር ካዚኖ የሚባል የዳንስ አዳራሽ ነው።

ኦክቶበር 15 ቀን 1844 የመጀመሪያ ምሽቱ ሆነ። የራሱን ኦፐስ 1 (በቁጥር የመጀመሪያ ሥራው የሆነውን) ዋልዝ ሲጫወት «ይደገም!» ተባለና 19 ጊዜ ተደገመ ተብሎ ይጻፋል። አንድ ዋልዝ 7 ደቂቃ ቢፈጅ ይህ ብቻውን ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ የደጋኑ ጅራት እስኪሳሳ! ምናልባት የተደጋገመው አንድ ክፍል ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ማሳረጊያው ነው። ልጁ ምሽቱን የዘጋው በአባቱ ዋልዝ፣ በ«ሎሬላይ» ነው። ሁሉም አክብሮት ነው ይላል። አክብሮትስ አክብሮት ነው፤ ግን «የእሱንም እችላለሁ» ማለትም ነው።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ለሁለቱ ጠበበች። አባትየው የአንደኛው የከተማ ዘብ ክፍለ ጦር ባንድ መሪ ነበር፤ ልጁ በ1845 የሁለተኛው ሆነ። የአባቱ ደንበኞች አልነቃነቅ ሲሉት እስከ ሩማኒያ ድረስ እየዞረ ተጫወተ። በ1848 አብዮት ሲነሳ አባት ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር «ራዴትስኪ ማርሽ»ን ደረሰ፣ ልጅ የፈረንሳይ አብዮተኞችን መዝሙር «ማርሴዬዝ»ን ተጫውቶ ፖሊስ ፊት ቀረበ። አባትየው በሴፕቴምበር 1849 በ45 ዓመቱ በስካርሌት ትኩሳት ሞተ። ይዞት የነበረው የቤተ መንግሥት ዳንስ ሙዚቃ ዳይሬክተርነት ለልጁ የተፈቀደው በ1863 ነው። ዛሬ በቪየና የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ማብቂያ ላይ መጀመሪያ የልጁ «ሰማያዊው ዳኑብ» ይመጣል፣ በመጨረሻ የአባትየው ማርሽ።

የልጁ ትልቁ ውርስ ግን የአባቱ ሙዚቀኞች ናቸው። አባትየው ሲሞት ሁለቱ ኦርኬስትራዎች ተዋሃዱ፤ ያኔ በኖታ የማይጻፍ ነገር ወደ ልጁ እጅ ገባ። ዋልዝ ሦስት ምት ነው። አንደኛውን ባሶቹ ይመታሉ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አጃቢዎቹ ሁለተኛ ቫዮሊኖች፣ ቪዮላዎችና ሆርኖች (የናስ መለከቶች)። በቪየና አጨዋወት ሁለተኛው ምት ከቦታው በጥቂቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ሦስተኛው ግን ቦታው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል፤ ዳንሰኛው የሚንሳፈፈው እዚያ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ዜማ የያዙት አንደኛ ቫዮሊኖች አብረው ሲቀድሙ ነው፤ ያኔ ሁሉም እኩል ስለተንሸራተተ ክፍተቱ ይጠፋና ዋልዙ ያነክሳል። ሌላው ጥፋት ሁለተኛውን ምት ሲያስቀድሙ ድምፁን ማጉላት ነው። ዜማው ራሱ ሁለተኛው ምት ላይ ኖታ ካለው ደግሞ ማስቀደሙን መቀነስ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ይጋጫሉ። በችክችካ ያደገ ጆሮ ሁለት ቤት (ሦስት ሦስት ምት የያዙ ክፍሎች) አጋጥሞ ስድስት መቁጠር ይቃጣዋል፤ ለየቤቱ አንድ ከባድ ምት ብቻ መቁጠር ይሻላል።

አባትየውና በዘመኑ የነበረው የዋልዝ ደራሲ ላነር ያቆሙትን ቅርጽም ልጁ አላፈረሰውም፦ መግቢያ፣ ሁለት ሁለት ክፍል ያላቸው አምስት ዋልዞች፣ የቀደሙትን የሚያሰባስብ ማሳረጊያ። የ1867ቱ «ዳኑብ»ም አምስት ነው። ልጁ የለወጠው ስፋቱን ነው። የአባትየው ዜማ አጭርና ለእግር የተቆረጠ ነው፤ የልጁ ረዥም ትንፋሽ ይፈልጋል። መግቢያውማ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ሙዚቃ ሆነ፤ ቫዮሊኖቹ በቀስታ እየተንቀጠቀጡ ሆርኑ ዜማውን ቁራሽ ቁራሽ ያደርግና ያቀብላል፣ ለመደነስ የቆመው ሰው እግሩን እስኪያነሳ ድረስ ይጠብቃል። አባትየው ይህን ቢሰማ፣ ዳንሰኛ አታስጠብቅ የሚለው ይመስለኛል። እውነቱን ነበር፤ የሚከፍሉት ዳንሰኞች ነበሩና።

በ1889፣ ልጁ 60ን አልፎ፣ የአባቱን ሥራዎች ለፒያኖ ሰብስቦ ላይፕሲግ በሚገኘው ብራይትኮፍ ማተሚያ ቤት አሳተመ። ደራሲ፦ ዮሐን ስትራውስ። አዘጋጅ፦ ዮሐን ስትራውስ።