የሃይድሮሊክ ፍሬን አየር ማስወጣት፦ አረፋው የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የተራራ ብስክሌታችሁ የፍሬን እጀታ ሲሳብ ለስልሶ እስከ መሪው ከተጠጋ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙት ደግሞ ጠንከር ካለ፣ የፍሬኑ የዘይት መስመር ውስጥ አየር አለ። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ይታመቃል። ስለዚህ የጣታችሁ ኃይል ሸራውን ዲስኩ ላይ ከመግፋት ይልቅ አረፋውን በማሳነስ ያልቃል። እጀታው ሩቅ ሄዶ ከዚያ ድርቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ግን መጀመሪያ ሸራው አልቆ እንደሆነ፣ ሸራውን የሚገፉት ፒስተኖችም እኩል ይወጡ እንደሆነ እዩ። ይህን ሳይለዩ ዘይት መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

ዘይቱን ሳታውቁ ምንም አትክፈቱ። የሺማኖ፣ የማጉራና የቴክትሮ ፍሬኖች በማዕድን ዘይት ይሠራሉ፤ የሆፕ ደግሞ ዶት (DOT) በሚባለው የፍሬን ፈሳሽ። ስራም ለረጅም ጊዜ ዶት ሲጠቀም ቆይቶ አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎቹን በማዕድን ዘይት አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ በፋብሪካው ስም ሳይሆን እጀታው ላይ በተጻፈው ተመሩ። ለዶት የተሠራ ጎሚኒ ማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ፒስተኑም ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል። ዶት 5 ደግሞ ሲሊኮን ስለሆነ የዶት 5.1 ምትክ አይደለም። ዶት ቀለም ይልጣል፤ ከአየርም እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 5.1 ቢያንስ እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 180 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎቱ እንደ አየር ይታመቃል፤ እጀታውም ባዶውን ይገባል። ተከፍቶ የከረመ የዶት ጠርሙስ ባትጠቀሙ ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው አሠራር እጀታው ላይ የዘይት ኩባያ፣ ካሊፐሩ (ፒስተኖቹን የያዘው ዲስኩ ጋ ያለ ክፍል) ላይ ሲሪንጅ ለሚገጠምላቸው የሺማኖ ዓይነት ፍሬኖች ነው። ጎማውንና ሸራዎቹን አውጥታችሁ ከሥራው አካባቢ አርቁ። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም የድሮ አቅሙ ስለማይመለስ መቀየር ነው ያለበት። ፒስተኖቹን በፕላስቲክ ገፍታችሁ ወደ ውስጥ መልሱና በመካከላቸው የፕላስቲኩን ማገጃ አስገቡ። ያለ እሱ ፒስተኖቹ እየወጡ መስመሩ ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባ ለዲስኩ ቦታ አይተርፍም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡ ላይ ነው። አየር የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው ከካሊፐር እስከ እጀታ ሳያቋርጥ መውጣት አለበት። የኋላ ፍሬን ቱቦ በፍሬሙ ውስጥ ሲያልፍ ጉብታ ይሠራል፤ አረፋው እዚያ ይቆማል። የፊቱን ጎማ ከፍ አድርጎ ሳይክሉን ማቆም ጉብታውን ያጠፋዋል። ካሊፐሩ በቦታው እንደታሰረ የማስወጫው ብሎን ከላይ ካልሆነ ፈትታችሁ ብሎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ግትር ፍሬንም የሚድነው በዚህ ነው።

ሲሪንጁን ዘይት ሙሉና ከራሱ ቱቦ አየሩን ካስወጣችሁ በኋላ ግጠሙት። ብሎኑን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ክፈቱ፤ እንደ ሞዴሉ በ7 ሚሊሜትር ቁልፍ ወይም በ3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ። ኩባያው ውስጥ አረፋ መታየቱ እስኪቆም በዝግታ ግፉ፤ ፍጥነት ትልቁን አረፋ ሰባብሮ ለመውጣት የሚያስቸግር ያደርገዋል። ሲሪንጁን ከመንቀላችሁ በፊት ብሎኑ ይዘጋ።

ካሊፐሩ ውስጥ የተጣበቀው አረፋ ግን በመግፋት ብቻ አይወጣም። ብሎኑ ላይ ወደ ጠርሙስ የሚወርድ ቱቦ አድርጉና ኩባያው ሳይጎድል ዘይቱ በራሱ እንዲወርድ ተዉት፤ በዚህ መካከል ካሊፐሩንና ቱቦውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ ብሎኑን ዝጉ። እጀታውን ስባችሁ ያዙ፣ ብሎኑን ለግማሽ ሰከንድ ያህል ክፈቱና ዝጉ፣ እጀታውን የምትለቁት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ብሎኑ ክፍት ሳለ ከለቀቃችሁት አየሩን መልሶ ይስባል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም።

በመጨረሻ ኩባያው ሳይነሳ እጀታውን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ላይ እያዘነበላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። ከዘይት ማጠራቀሚያው ጥግ ትናንሽ አረፋዎች ብቅ ሲሉ ታያላችሁ፤ እነዚህ ካልወጡ ሳይክሉ በተገለበጠ ቁጥር ወደ መስመሩ ይገባሉ። ኩባያውን ስታነሱ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ጢም ብሎ ይታይ፤ የእጀታውን ብሎን ከነኦሪንጉ (ከነጎማ ቀለበቱ) ስታስሩ ትንሽ መፍሰሱ ተገቢ ነው፣ አየር አለመግባቱን ያሳያል። ይህ ብሎን ለስላሳ ነውና አታጥብቁት። የካሊፐሩ ማስወጫ ግን ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይታሰር።

ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፣ ሸራና ጎማ መልሱ፣ ከዚያ እጀታውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ዳስሱ። ዛሬ የጠነከረ እጀታ ነገ ከለሰለሰ እንደገና አየር ከማስወጣት በፊት የቱቦውን ጫፍ መጋጠሚያና ኦሪንጉን መርምሩ፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ዘይት ባያንጠባጥብም ይኖራል።