ጥሬ ኦይስተር በሜክሲኮ ዳርቻ፦ ከምግብ ቤቱ በፊት ውሃውን ምረጡ

በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ የሚጓዝ ሰው «ጥሩ ኦይስተር የት አገኛለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የምግብ ቤት ስም ይነገረዋል። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው ባይ ነኝ። ኦይስተር ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው፤ አንዴ ከተጣበቀበት ንቅንቅ አይልም። ሌት ተቀን የባሕሩን ውሃ እየሳበ ያጣራል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ጨውም፣ ጣዕምም፣ ጀርምም ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የሚከፍትላችሁ ሰው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይህን አጥቦ ሊያወጣው አይችልም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ጥሬውን በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ ባለው ረጅም ልሳነ ምድር፣ በባሃ ካሊፎርኒያ፣ የፓስፊክ ዳርቻ ብሉ፤ በሌላው ዳርቻ የበሰለውን እዘዙ። በባሃ ምዕራባዊ ዳር ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ወደ መሐል ባሕር ሲገፋው በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህ ውሃ ኦይስተሩ የሚመገባቸውን ጥቃቅን እፅዋት ያበዛል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ሙቀት የሚወዱትን ባክቴሪያዎች ይገታል። ከኤንሴናዳ ወደ ደቡብ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የምትገኘው ሳን ኪንቲን በዚህ የታወቀች ናት። የባሕር ሰርጧ ምዕራባዊ ክንድ ባያ ፋልሳ ይባላል፤ የጃፓኑ ዝርያ ኦይስተር ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚያ ይረባል። ምርታቸውን ወደ አሜሪካ የሚልኩ ማርቢያዎች ስላሉ ውሃው በየጊዜው ይመረመራል፤ ይህ ለተጓዡም ትልቅ ዋስትና ነው። ከዚያ የበለጠ ወደ ደቡብ፣ በጌሬሮ ኔግሮ አካባቢ፣ ኩሚያይ በሚል ስም የሚሸጥ ትንሽ፣ ጥልቅ ዛጎል ያለው ኦይስተር አለ። ጥሬ ኦይስተር ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ከእሱ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ሥጋው ጠጠር ያለ፣ ጨውነቱም ለስለስ ያለ ነው።

እስከ ሳን ኪንቲን መንዳት የማይችል ኤንሴናዳ ላይ ይቆይ። ከወደቡ አጠገብ ያለው የዓሣ ገበያ፣ ሰዉ ሜርካዶ ኔግሮ የሚለው፣ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳያል። መሄድ ያለባችሁ በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የምታገኙት ሌላው መርጦ የተወውን ነው።

ሁለት ጥያቄዎች በስፓኒሽ ያዙ። «ዴ ዶንዴ ሶን?» ከየት ነው የመጡት ማለት ነው፤ «ኩዋንዶ ዬጋሮን?» ደግሞ መቼ ደረሱ። ጥሩ ሻጭ የባሕር ሰርጡን ስም ወዲያው ይነግራችኋል። «ከዚሁ ነው» ብሎ የሚያልፍ፣ ሲደገምም የሚሸሽ ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ። ኦስቲዮን፣ ኦይስተር ማለት ነው፣ የሚሸጠው በደርዘን ነው፤ «ኤን ሱ ኮንቻ» ካላችሁ በዛጎሉ ይቀርብላችኋል። በማሰሮ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ተፈልፍሎ የተቀመጠውን ለሾርባና ለመጥበሻ እንጂ ለጥሬ አትግዙ፤ መቼ እንደሞተ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ጥሬ የሚበላ ኦይስተር እስከሚከፈትባት ደቂቃ ድረስ በሕይወት መኖር አለበት። ዛጎሉ ግጥም ያለ መሆኑን እዩ። በትንሹ ከፈት ካለ በጣታችሁ መታ አድርጉት፤ ሕያው ከሆነ ይዘጋል፣ ካልዘጋ ይጣል። በእጃችሁ መዝኑት፤ ከመጠኑ ይልቅ ክብደቱ ሊሰማችሁ ይገባል፣ ምክንያቱም ጤነኛው የራሱን ውሃ ይዞ ይቆያል። ሁለቱን እርስ በርስ አጋጩ፤ ድምፁ እንደ ባዶ ዕቃ የሚያስተጋባው ውሃው ፈስሷል፣ ሞቷል ወይም ሊሞት ነው። ሲከፈት ሥጋው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ውሃው የጠራ፣ ሽታው የባሕር ብቻ ይሁን። ሥጋው ደርቆ ከዛጎሉ ከሸሸ ወይም ሽታው አፍንጫን ከያዘ አንዷን ብቻ አትመልሱ፤ ሳህኑን በሙሉ መልሱ።

ራሳችሁ የምትከፍቱ ከሆነ አጭር፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ የኦይስተር ቢላዋ ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ቢላዋ ይንሸራተታል፤ የሚገባውም መዳፍ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ አጥቡ። ጎድጎድ ያለውን ዛጎል ወደ ታች፣ ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በታጠፈ ወፍራም ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ያዙት፤ ሹል የሆነው ጫፍ፣ ሁለቱ ዛጎሎች የሚጋጠሙበት፣ ወደ ቢላዋው ይዙር። የቢላዋውን ጫፍ መገጣጠሚያው ውስጥ አስገብታችሁ ከመግፋት ይልቅ እንደ ቁልፍ አዙሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጉልበት ሲጨምር ዛጎሉ ይፈረካከስና ስብርባሪው ሥጋው ላይ ይበተናል። «ጠቅ» ሲል ቢላዋውን ጥረጉ፣ ከዚያ ከላይኛው ዛጎል ጋር አስጠግታችሁ በማንሸራተት ጡንቻውን ቁረጡ። ክዳኑ ሲነሳ ከሥጋው ሥር ያለውን ጡንቻም ቁረጡ፤ ውሃውን ግን አታፍስሱ፣ ግማሹ ጣዕም እሱ ነው።

ሎሚ፣ ቃሪያና ተኪላ ጀርሙን ይገድሉታል የሚለው ወሬ በዳርቻው ሁሉ ይነገራል፤ እውነት አይደለም። ቪብሪዮ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ ይራባሉ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚገድላቸውም ሙቀት ብቻ ነው። ጤነኛውን ሰው በተቅማጥና በሆድ ቁርጠት ያንገላቱታል፤ የጉበት ሕመም ወይም ስኳር ላለበት፣ የመከላከል አቅሙም ለደከመ ሰው ግን ገዳይ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት በሳን ኪንቲንም ቢሆን ጥሬ አይብሉ። ለማብሰል በዛጎሉ ቀቅሉት፤ ዛጎሉ ከተከፈተ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፍላ። ያልተከፈተው ይጣል።

ወደ ደቡብ ስትወርዱ ናያሪት ግዛት ላይ ሁለት የተለያየ ዓለም አለ። ቦካ ዴ ካሚቺን ከማንግሮቭ ደኑ አጠገብ ኦይስተር የሚረባባት መንደር ናት። በፑንታ ሚታና በሳን ብላስ በኩል ደግሞ ጠላቂዎች ኦስቲዮን ዴ ሮካ የሚባለውን ትልቁን የአለት ኦይስተር በብረት ከድንጋዩ እየነቀሉ ያወጣሉ። ይህኛው በመራቢያ ወቅቱ፣ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31፣ ማውጣቱ የተከለከለ ነው። በእነዚያ ወራት የአለት ኦይስተር «ትኩስ ነው» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ካለ ወይ ሕግ ጥሷል ወይ ስሙን ቀይሮባችኋል። በዚያ ላይ ወቅቱ ሙቀትና ዝናብ የሚጀምርበት ነው፤ ጎርፍ የየብሱን ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ያወርዳል። በምሥራቅ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ ታባስኮ ግዛት ውስጥ ባለው የፓራይሶ አካባቢ፣ ኦይስተርን በእንጨት አልጋ ላይ በጭስና በፍም ያበስሉታል፤ አል ታፔስኮ ይሉታል። በሞቃት ውሃ ለወጣ ኦይስተር ከዚህ የተሻለ አቀራረብ አላውቅም።

ከኦይስተር ውጪ ላለው ደግሞ ፓንጋ የሚባሉትን ባለ ሞተር ትናንሽ ጀልባዎች ተከተሉ። አስጋሪዎቹ ከንጋት በፊት ወጥተው ብዙ ቦታ ረፋዱ ላይ ይመለሳሉ። ከሮሳሪቶ በታች ባለችው ፖፖትላ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ እየወጡ ሲሸጡ ታያላችሁ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚባለው እዚህ በቀጥታ ይሠራል፤ ጭንቅላቱን ያልተቆረጠ ዓሣ ግዙ፣ ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ። ደማቅ ቀይ መልካም፣ ቡናማና ዝልግልግ መጥፎ። ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ፣ ሥጋው ተጭኖ ሲለቀቅ የሚመለስ ይሁን። ሴራ፣ ቱናና ዶራዶ የሚባሉት ዓሦች ላይ ግን ዓይን ብቻ አያስተማምንም፤ ከበረዶ ውጪ ከዋሉ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል እንደ አለርጂ የሚያሳምም ነገር ይፈጠራል። መብሰልም አያጠፋውም። አፍን እንደ በርበሬ ከነዘረ መብላቱን አቁሙ።

ሽሪምፕ ከሆነ ማዛትላን ሂዱ። በአኪሌስ ሰርዳን ጎዳና ቻንጌራስ የሚባሉት ሴቶች በበረዶ የሞሉ ሳፋዎቻቸውን ዘርግተው በኪሎ ይመዝናሉ። ጭንቅላቱ ሲነካ የሚወልቅ፣ መገጣጠሚያው የጠቆረ ወይም አሞኒያ የሚሸት ሽሪምፕ አይሆንም። የዱሩ ሽሪምፕ በፓስፊክ በኩል ከማርች እስከ ሴፕቴምበር አካባቢ ይዘጋል፤ ትክክለኛውን ቀን በየዓመቱ የዓሣ ሀብት ኮሚሽኑ ኮናፔስካ ያስታውቃል። በእነዚያ ወራት የምታገኙት የእርባታ ወይም የቀዘቀዘ ነው፤ ለጥብስ ምንም አይልም። አጓቺሌ ግን ጥሬ ሽሪምፕ በሎሚና በቃሪያ ነው፤ ስለ ሎሚ ያልኩት እዚያም ይጸናል። በባሃ ምሥራቃዊ ዳር ባለችው ሎሬቶ አልሜሃ ቾኮላታ የሚባለውን ቡናማ ክላም፣ ሌላ ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳ፣ ጠጠር ላይ ደርድረው በላዩ ቁጥቋጦ ያነዱበታል፤ ጥሬ ለማይደፍር ሰው ይህ ይበቃዋል።

አንድ አደጋ ግን እሳትም አይፈታውም፤ ቀይ ማዕበል። አንዳንድ ጥቃቅን የባሕር እፅዋት ሲበዙ የሚያመነጩት መርዝ በኦይስተርና በክላም ውስጥ ይከማቻል። ሲቀቀልም፣ ሲበረድም አይጠፋም፤ ነርቭን ያጠቃል፣ ከንፈር ማደንዘዝ ይጀምራል። ውሃው ሁልጊዜ ቀይ ስለማይሆን በዓይን መፍረድ አይቻልም። የጤና ተቆጣጣሪው ኮፌፕሪስ ባሕሩን ሲዘጋ «ቬዳ ሳኒታሪያ» ይለዋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ግዛት ስም ጨምራችሁ በዚሁ ቃል ፈልጉ። ከንፈሩ የደነዘዘ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት፤ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል።

ገዝታችሁ ወደ ማረፊያችሁ የምትወስዱ ከሆነ ኦይስተሩን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ የቧንቧ ውሃ ይገድለዋል። በታሸገ ፌስታልም አትቋጥሩት፣ ይታፈናል። በረዶውን ከማቀዝቀዣ ሳጥኑ ሥር አንጥፉ፣ በላዩ መከለያ አድርጉ፣ ኦይስተሩን ጎድጓዳው ወደ ታች ሆኖ ደርድሩና እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። የሚቀልጠው ውሃ እንዲወርድ የሳጥኑን ቀዳዳ ክፍት ተዉት። ሙቀቱ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፤ በማግስቱ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ በአንድ እየመታችሁ ፈትሹ፣ ያልዘጋውን ጣሉ።