አራት አበባ ለፓኾሞቫ

ሞስኮ የገባሁት ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ግን ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእነሱ 2024 ነበር። የሄድኩት አጎቴን ልጠይቅ ነው እንጂ ወንድና ሴት ተጣምረው በስኬቲንግ ጫማ በረዶ ላይ ስለሚደንሱበት ስፖርት፣ ስለ በረዶ ዳንስ፣ የማውቀው ነገር አልነበረም። አጎቴ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው ጎጆ ቀልሶ የቀረ ሰው ነው። ባለቤቱ ሩሲያዊት ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ አስተያየታቸው ግን ጡረታ አልወጣም። አማርኛቸው «ብላ»፣ «ጠጣ» እና «ተቀመጥ» ላይ ያበቃል። የቀረውን አጎቴ ያስተረጉማል፤ እሳቸው አምስት ደቂቃ የተናገሩትን በአምስት ቃል ይጨርሰዋል።

ከዶሞዴዶቮ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ ብርዱ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ከ2022 ወዲህ እዚያ አገር እንደማይሠራ እያወቅሁ ዶላሬን ሻንጣ ሥር ቀብሬ ነበርና የመጀመሪያዋን ሻይ የከፈለልኝ አጎቴ ነው። እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

በማግስቱ ኩሽና ተቀምጠን ምሳ ስንበላ ትንሿ ቴሌቪዥን ተከፈተች። የሩሲያ የስኬቲንግ ሻምፒዮና ነበር፤ ከሳይቤሪያዋ ኦምስክ። ኦምስክ ከሞስኮ በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ መሽቷል፣ እኛ ገና ሾርባ ላይ ነን። ጥንዶች እየተፈራረቁ ይገባሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ይወጣሉ። ጥቂት አይቼ «ለምን አይዘሉም?» አልኩ።

አጎቴ ሲተረጉምላቸው ሴትዮዋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። ወንዱ ሴቷን አየር ላይ የሚወረውርበት ሌላ ውድድር ነው፤ እዚህ መወርወር ክልክል ነው። ማንሳት ይቻላል፣ አጭር የሚባለው ማንሳት ግን ከሰባት ሰከንድ ካለፈ ነጥብ ይቆረጣል። ዳኞች የሚያዩት የጫማው ስለት በረዶው ላይ ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ፣ እግራቸው ከሙዚቃው ጋር መግጠሙን ነው። ትዊዝል የሚሉት ነገር አለ፤ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ እግር እየዞሩ ወደፊት ይሄዳሉ፤ አንዱ ግማሽ ዙር ቢዘገይ ከሩቅ ይታያል። አጎቴ ትርጉሙን አቋርጦ የራሱን ጨመረ፦ «እንደ እስክስታ አስበው። ዘለህ ማንንም አታስደንቅም፤ ትከሻህ ከምቱ ሲወጣ ግን ሁሉም ያይብሃል።»

ከዚያ አሌክሳንድራ ስቴፓኖቫና ኢቫን ቡኪን ገቡ፣ ኩሽናው ጸጥ አለ። የኢቫን አባት አንድሬይ ቡኪን ከናታሊያ ቤስትሚያኖቫ ጋር በ1988 ካልጋሪ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ነው። ልጁ በ2018 ለፒዮንግቻንግ ሲዘጋጅ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የግብዣ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ጠፋ፤ ቀረ። በ2022 ቤጂንግ ደርሶ 6ኛ ወጣ። ሳምንታት ሳያልፉ የዩክሬን ጦርነት መጣና ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ሩሲያውያንን አገደ። እነሆ ኦምስክ ላይ፣ በአገሩ ሰዎች መካከል፣ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። ሲጨርሱ አንደኛ ነበሩ። ሴትዮዋ ግን አላጨበጨቡም። «ከማን ጋር ተወዳድረው?» አሉ። ይህን አጎቴ ሙሉውን ተረጎመልኝ።

በዚያው ሳምንት ዜና መጣ። ኅብረቱ ለ2026ቱ ኦሎምፒክ ማጣሪያ በየዘርፉ አንድ ገለልተኛ ተወዳዳሪ ከሩሲያ ሊቀበል እንደሚችል አስታወቀ፤ ያለ ባንዲራ፣ ያለ መዝሙር፣ ማንነቱ ከተመረመረ በኋላ። አንድ ጥንድ ብቻ! ለአንዲት ወንበር የሚደረግ ሽኩቻ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የኋላውን ማየት አለብህ አሉኝ ሴትዮዋ፣ እናም በማግስቱ ካፖርቴን አስለብሰው ይዘውኝ ወጡ።

ወደ ውድድር ሜዳ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ሜትሮ «ኡሊትሳ 1905 ጎዳ» ጣቢያ ወርደን የገባነው ቫጋንኮቮ መቃብር ነው። በር ላይ ቀይ ካርኔሽን ገዙ፣ አራት። አምስተኛ ልጨምር ስል እጄን መቱኝ፤ ለሙታን ጥንድ ቁጥር እንጂ ጎዶሎ አይሰጥም። አበባው ሉድሚላ ፓኾሞቫ መቃብር ላይ ተቀመጠ። ፓኾሞቫ ከአሌክሳንደር ጎርሽኮቭ ጋር በ1976 ኢንስብሩክ ላይ የበረዶ ዳንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ ወርቁን የወሰደች ናት። ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በ1986 ስታርፍ ገና 39 ዓመቷ ነበር።

ሴትዮዋ እዚያ ቆመው የነገሩኝ ግን ስለ ወርቁ አይደለም። ፓኾሞቫ መጀመሪያ የምትደንሰው ከቪክቶር ሪዥኪን ጋር ነበር። በ1966 ተለያዩና ብዙም ስም ያልነበረውን ጎርሽኮቭን ያዘች፤ አሠልጣኛቸው ኤሌና ቻይኮቭስካያ ሆኑ። ነገሩ ሁሉ በመለያየት ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተከተለውን ስሰማ፣ የዚህ ስፖርት ትልቁ ፉክክር በጥንዶች መካከል ሳይሆን በጥንዶቹ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ማሪና አኒሲናና ኢሊያ አቨርቡክ አብረው በ1990ና በ1992 የወጣቶች ዓለም ሻምፒዮን ነበሩ። እሱ ከኢሪና ሎባቼቫ ጋር ለመደነስ ትቷት ሄደ። እሷ ፈረንሳይ ገብታ ከግዌንዳል ፔይዜራ ጋር ተጣመረች። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ እሷ ለፈረንሳይ ወርቅ፣ እሱ ለሩሲያ ብር። ሴትዮዋ ይህን ሲያወሩ ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ለማን እንደሚያደሉ ግልጽ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ በሶኮልኒኪ የስኬቲንግ ሜዳ በኩል ዞርን። ናታሊያ ዱቦቫ ክሊሞቫና ፖኖማሬንኮን፣ ኡሶቫና ዙሊንን፣ ግሪሹክና ፕላቶቭን ያሠለጠኑት እዚህ ነበር አሉኝ። ሦስት ጥንድ በአንድ አሠልጣኝ ሥር፤ ጠዋት አብረው እየተለማመዱ ቅዳሜ እርስ በርስ የሚቀናቀኑ። በ1994 ሊልሃመር ላይ ግሪሹክና ፕላቶቭ ወርቅ፣ ኡሶቫና ዙሊን ብር ወሰዱ። ያ የብር ባለቤት አሌክሳንደር ዙሊን በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ናቭካና ኮስቶማሮቭን በ2006 ቱሪን ላይ ወርቅ አስገኘ።

የእኔን ቀልብ የሳበው ግን የ2014ቱ ነው። ኤሌና ኢሊኒክና ኒኪታ ካትሳላፖቭ ሶቺ ላይ በገዛ አገራቸው ነሐስ አገኙ፤ ብዙም ሳይቆይ መለያየታቸው ተሰማ። ካትሳላፖቭ ቪክቶሪያ ሲኒትሲናን ከአጣማሪዋ ከሩስላን ዢጋንሺን ወሰደ፣ ኢሊኒክም የተተወውን ዢጋንሺንን ይዛ መጣች። አራት ሰው፣ ሁለት ፍቺ፣ ሁለት ጋብቻ እንደማለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሩሲያን ሻምፒዮና ኢሊኒክና ዢጋንሺን አሸነፉ፤ ሰዉም ካትሳላፖቭ ተሳሳተ አለ። አልተሳሳተም። እሱና ሲኒትሲና በዙሊን አሠልጣኝነት ቀስ ብለው በ2020 ግራትስ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና አምስት ዓመት በአውሮፓ ያልተነኩትን ፈረንሳውያኑን ፓፓዳኪስና ሲዜሮንን በ0.14 ነጥብ አሸነፉ፤ በ2021 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ቤጂንግ ላይ ብር።

ማታ ሻይ ላይ ባልና ሚስቱ ተከራከሩ። አጎቴ የወደፊቱ ከአገር ውጭ ነው ባይ ነው፤ ዲያና ዴቪስና ግሌብ ስሞልኪን በ2023 ለጆርጂያ መወዳደር ጀመሩ፣ ሌሎችም ይከተላሉ አለ። እሳቸው ተቆጡ። አገር ውስጥ የቀሩት ወጣቶች አሁንም አጣማሪ እየቀያየሩ ነው፣ ይህ መልካም ምልክት ነው፣ ፉክክሩ አልሞተም ማለት ነው አሉ። ለምሳሌ ኤሊዛቬታ ሻናዬቫና ዴቪድ ናሪዥኒ በ2020 የወጣቶች ዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አግኝተው ተለያይተዋል፤ እሷ ያኔ ከፓቬል ድሮዝድ ጋር ነበረች። እኔ ብጠየቅ ከሁለቱም አልስማማም ነበር። አጣማሪ መቀየር የሚጠቅመው ከውጭ የሚለካህ ሲኖር ነው፤ ካትሳላፖቭ ትክክል መሆኑ የታወቀው ግራትስ ላይ እንጂ ሞስኮ ውስጥ አይደለም። ግን እንግዳ ነኝ፤ ቫሬኒዬ የሚሉትን የእንጆሪ ማርማላታ በላሁና ዝም አልኩ።

በግንቦት አዲስ አበባ ሆኜ ዜናውን አነበብኩ። ስኬቲንግ ኅብረቱ ከሩሲያ ሁለት ነጠላ ተወዳዳሪዎችን ፈቅዷል፤ ስቴፓኖቫና ቡኪን ግን አልተፈቀደላቸውም፤ በምትካቸውም ሌላ ጥንድ አይገባም። ከ1976 እስከ 2022 በሶቪየትም ሆነ በሌላ ስም ከዚያ አገር የበረዶ ዳንሰኛ ያልነበረበት የክረምት ኦሎምፒክ አልነበረም።

ስልክ ደወልኩ። አጎቴ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው። ሴትዮዋ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ዣልኮ» የምትል፣ «ያሳዝናል» ማለት ናት። ከዚያ አጎቴ መተርጎም ጀመረ፤ ቡኪን ለ2030ው ኦሎምፒክ 36 ዓመት እንደሚሞላው፣ ስቴፓኖቫ 34፣ ጉልበት እንደማይጠብቅ፣ አባቱ ግን በ30 ዓመቱ ወርቅ እንዳገኘ፣ ልጁ ደግሞ ሁለት ጊዜ በር ላይ እንደተመለሰ… የሞላሁት የስልክ ካርድ እስኪያልቅ አላቆመም።