የእንግሊዝ ፖሊስ አለቃው ማን ነው?

ጣና ዳር ቡና ተይዞ የእንግሊዝ ወሬ ከተነሳ፣ ፖሊሱ ሽጉጥ አለመታጠቁ ሳይጠቀስ አይታለፍም። እውነት ነው፤ ከሰሜን አየርላንድ በቀር አብዛኛው ፖሊስ ዱላ፣ ካቴና፣ ዓይን የሚያቃጥል ርጭት ይዞ ነው የሚወጣው። ይበልጥ የሚገርመው ግን «የእንግሊዝ ፖሊስ አዛዥ» የሚባል ሰው አለመኖሩ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ 43 የአካባቢ ፖሊሶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዋና አዛዥ ነው የሚመሩት። ስኮትላንድ ስምንት የነበሩትን በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አንድ አድርጋለች። ለንደን ብቻዋን ሁለት አላት፦ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ፣ የባንኮቹን ሰፈር የሚጠብቀው ደግሞ ሲቲ ኦፍ ለንደን ፖሊስ። ባቡር ላይ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ጉዳዩ ከሁለቱም ሳይሆን ከትራንስፖርት ፖሊስ ነው። ስለዚህ ለንደን ያለ ዘመድ «አመልክቼ መልስ አጣሁ» ካለ፣ መጀመሪያ የትኛው ፖሊስ ዘንድ እንዳመለከተ ጠይቁት።

ባሕር ዳር ላይ የክልሉን ፖሊስ ከፌዴራሉ ለሚለይ ሰው ይህ አይከብድም። የሚለየው ከላይ ያለው ነው። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ በጀት ይመድባል፤ «እገሌን እሰሩ» ብሎ ማዘዝ ግን አይችልም። ቀሪው ገንዘብ በአብዛኛው ነዋሪው ለማዘጋጃ ቤት ከሚከፍለው ግብር ይመጣል። ከ2012 ወዲህ በብዙ አካባቢ አዛዡን የሚሾመው ሕዝብ የመረጠው ኮሚሽነር ነው። በመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመቶ 15 ያህሉ ብቻ ነበር፤ መንግሥትም የኮሚሽነርነቱን ቦታ በ2028 ለማስቀረት መወሰኑን አስታውቋል። ማን እንደሚያዝንለት እንጃ።

ሕዝብ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት የሚፈተነው መንገድ ላይ ነው። በ1984ቱ ሕግ መሠረት ፖሊሱ ኪስ ከመንካቱ በፊት ለምን እንደጠረጠረ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ስሙንና ጣቢያውን፣ በየትኛው ሕግ እንደሚፈትሽ መናገር አለበት። ሲቪል ከለበሰ መታወቂያውን ያሳያል። ሰው ፊት ማስወለቅ የሚችለው ኮት፣ ጃኬትና ጓንት ብቻ ነው። የተፈተሸው ሰው ስሙን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ ግን በሦስት ወር ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ነገር የሚበላሸው ምክንያቱ ላይ ነው። «አኳኋኑ አላማረኝም» በቂ አይደለም፤ የቆዳ ቀለምም ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ይሁንና ጥቁሮች ከነጮች በብዙ እጥፍ ይፈተሻሉ። ሁከት ከተፈራ ደግሞ በ1994ቱ ሕግ ኢንስፔክተር አንድን ሰፈር እስከ 24 ሰዓት ለይቶ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ ማስፈተሽ ይችላል። የእኛ ልጆች በብዛት የሚያማርሩት በዚህኛው ነው።

ቅሬታው ባዶ አይደለም። ስቲቨን ሎውረንስ የተባለ ጥቁር ወጣት በ1993 ከተገደለ በኋላ የተካሄደው ምርመራ በ1999 ሜትሮፖሊታን ፖሊስን ተቋማዊ ዘረኝነት አለበት አለ። በ2021 አንድ በፖሊስነት ያገለግል የነበረ ሰው ሣራ ኤቨራርድ የተባለች ሴትን አፍኖ ገደለ፤ ያንን ተከትሎ የመጣው የ2023ቱ ሪፖርት ዘረኝነቱን ደግሞ ጠቅሶ ሴት ጠልነትንም ጨመረበት።

እስሩ ላይ ሰዓቱ ጥብቅ ነው። ክስ ሳይመሠረት 24 ሰዓት፤ ለከባድ ወንጀል ከፍተኛ መኮንን ወደ 36 ያራዝመዋል፤ ከዚያ በላይ፣ እስከ 96፣ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ከሽብር በቀር ከዚህ አያልፍም። እኛ ጋ ሕገ መንግሥቱ 48 ሰዓት ይላል፤ ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ተጠርጣሪ የጉዞው ሰዓት አይቆጠርለትም። ከዚያ ፖሊስ እስከ 14 ቀን የሚደርስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ደግሞም ይጠይቃል። እዚያ ቀጠሮ የለም፤ በምትኩ «ምርመራው ይቀጥላል» ተብሎ የተለቀቀ ሰው ወራት ሙሉ ሳይከሰስም ሳይጸዳም ይቆያል።

አቤቱታ የሚጀምረው ከዚያው ከፖሊሱ ነው፤ ዋናው ድክመቱም ይኸው ነው። ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ካለ ጉዳዩ ወደ ገለልተኛው የፖሊስ ሥነ ምግባር ቢሮ የግድ ይላካል። መልሱ ያላረካው ሰው በ28 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል። አቤቱታው ሳይዘገይ ቢቀርብ ይሻላል፤ ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ካሜራ ቀረጻ ካልተጠየቀ በብዙ ቦታ ከወር በኋላ ይጠፋል። የትከሻውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና መንገዱን በዚያው ዕለት ጽፎ፣ ቀረጻው እንዲቆይ በኢሜይል መጠየቅ ይቀድማል።