ገና ሳላረግዝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አግብተሽ ዓመት ካለፈሽ፣ ሰው ሰላም የሚለው ሆድሽን ነው። ጎረቤቴ እትዬ ምክንያቱን ሁሉ ደርሰውበታል። «ያ የሦስት ወር መርፌ ማኅፀንሽን አድርቆት ነው» ይሉኛል። መርፌው ማኅፀን አያደርቅም። ከተቋረጠ በኋላ ግን ለማርገዝ ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። ለማንኛውም እኛ አሁን በኮንዶም እየተጠነቀቅን ነው፤ መጀመሪያ መታየት ፈልጌያለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ «ለማርገዝ እያሰብኩ ነው» ስላት ሲስተሯ ቀና ብላ አየችኝና «እና ስታረግዢ ነይ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፣ ወረፋው በሩን አልፏል። ደግነቱ አጠገቧ ያሉት ትልቋ ሲስተር ሰሙኝ። «ነይ ልጄ፣ እንዲያውም አሁን ነው መምጣት» አሉኝና ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን አዘዙልኝ።

የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም። በደንብ ካልተዘጋ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ ከዚያም የባሰ አለ። ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ነው፤ ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም ቢያንስ ከማርገዝ አንድ ወር በፊት መጀመር አለበት። ለእርጉዝ የሚሰጠው ኪኒን ውስጥም አለ፤ ግን ሆዳችን ገፍቶ ክትትል ስንጀምር ቱቦው ከተዘጋ ቆይቷል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ችግሩ መድኃኒቱ መጥፋቱ ሳይሆን ሰዓቱ ማለፉ ነው። «ጎመንና ምስር እበላ የለ?» ብዬም ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ሲቀቀል ቫይታሚኑ ብዙው ይጠፋል አሉኝ።

ደም ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ቂጥኝ ሁሉንም ተመረመርኩ። የደም ዓይነቴ ኔጌቲቭ ሆነ፣ የባሌ ፖዘቲቭ። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ሰውነቴ የሚቀጥለውን ፅንስ ደም እንዳያጠቃ ከወለድኩ በ72 ሰዓት ውስጥ የምወጋው መርፌ አለ። ይህን ምጥ ላይ ሆኜ ብሰማው ምን ይውጠኝ ነበር?

ጥሬ ሥጋም ቀረብኝ፤ ውስጡ ፅንስ የሚጎዳ ተሐዋሲ ሊኖር ይችላል። ክትፎ በለብለብ እንኳ አይሆንም፣ በደንብ መብሰል አለበት። ይሄ ከመርፌው በላይ አመመኝ።

ባሌ «እኔን ምን አገባኝ?» ብሎ ነበር። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪደርስ ወደ ሁለት ወር ተኩል እንደሚወስድ ስነግረው ዝም አለ። ሲጋራውን ትቷል። ጫቱ ላይ እየተደራደርን ነው።